መንግሥት ደንበኛ ሲሆን

በአንድ አገር ውስጥ ከሚገኙት ገዢዎች ሁሉ የሚበልጠው መንግሥት መሆኑን፣ ይኸውም ከሆስፒታል ፋሻ እስከ ባቡር ሐዲድ፣ ከጽሕፈት ቤት ወረቀት እስከ ወታደር ጫማ ድረስ ዓመት እስከ ዓመት ሳያቋርጥ የሚገዛው እርሱ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ነገር ግን ይህ ገዢ ሱቅ ገብቶ ዋጋ የማይከራከር፣ በዱቤ መዝገብ ስሙን የማያስጽፍ፣ ወዳጅነትን ሊያውቅ የማይገባውና በሕግና በሰነድ ብቻ የሚናገር ስለ ሆነ፣ ብዙ ትጉህ ሰው ወደ ደጁ መቅረብን እንደ ረቂቅ ምሥጢር ቆጥሮ፣ ሥራው ለጥቂት ባለሟሎች የተመደበ ርስት ነው ብሎ ይተወዋል። ይህ ጽሑፍ ያ ደጅ በናይሮቢ ከተማ እንዴት እንደሚከፈት፣ የገባውም ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው።

ናይሮቢን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኢስትሊ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ከፍተው፣ በሀርሊንግሃምና በኪሊማኒ ሰፈሮች የምግብ ቤት አቋቁመው፣ ሌሎችም በአስመጪነት ተሰማርተው የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚያች ከተማ ብዙዎች ናቸው፤ ከዚህም ጋር የኬንያ የግዥ ሕግ በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት ሕግጋት ዝርዝሩ የተፍታታ፣ በፍርድ ቤትም ብዙ ጊዜ የተፈተነ ስለ ሆነ፣ በአገራችን የግዥ አዋጅ፣ ይኸውም በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ሥር ለሚሠራ ነጋዴም ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ። ዓመተ ምሕረቱን ከአዋጁ ቁጥር በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቅኝ ግዛት ዘመን የኬንያ አስተዳደር የሚያስፈልገውን ዋና ዋና ዕቃ የሚያስመጣው ክራውን ኤጀንትስ በሚባለውና ለንደን ተቀምጦ ለቅኝ ግዛቶች ሁሉ ግዥ በሚፈጽመው ድርጅት አማካይነት ስለ ነበረ፣ የአገሬው ነጋዴ ለገዛ አገሩ መንግሥት ዕቃ ማቅረብ የሚችልበት በር እጅግ የጠበበ ነበር። ከነፃነት በኋላም ግዥው ለረጅም ዘመን ይመራ የነበረው በግምጃ ቤቱ ሰርኩላሮችና በ1978 በወጣው የአቅርቦት መመሪያ እንጂ በሕግ አልነበረም፤ መመሪያ ደግሞ ባወጣው ሹም ፈቃድ የሚታጠፍ ነው። በ2001 ደንብ ወጣ፤ በ2005 አዋጅ ተከተለ፤ በመጨረሻም በነሐሴ 2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 227 ማናቸውም የመንግሥት ግዥ ፍትሐዊ፣ ርቱዕ፣ ግልጽ፣ ውድድር ያለበትና ወጪ ቆጣቢ በሆነ ሥርዓት እንዲፈጸም ደነገገ። ከጥር 7 ቀን 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የ2015 የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ አዋጅ፣ እርሱንም የሚያብራራው የ2020 ደንብ፣ ከዚያ አንቀጽ የተወለዱ ናቸው። ነገሩ ወደ ሕገ መንግሥት ከፍ ማለቱ ለተራው ነጋዴ ትርጉሙ ቀላል አይደለም፤ በጨረታ የተበደለ ሰው ዛሬ የሚያቀርበው ነገር ለሹም የሚጻፍ አቤቱታ ብቻ ሳይሆን በአገሪቱ የበላይ ሕግ ላይ የተመሠረተ ክስ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ለመንግሥት ሊሸጥ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በሕግ ፊት ሰውነት ያለው ድርጅት ሊኖረው ይገባል። ይህ ኢሲቲዝን በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት በኩል የሚፈጸም ምዝገባ ሆኖ፣ ኩባንያ ከሆነ የዳይሬክተሮቹንና የባለ አክሲዮኖቹን ስም የሚያሳየው ሲአር 12 የሚባለው ማስረጃ፣ ከኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን የሚሰጠው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ግብርን አጠናቆ ለመክፈሉ ምስክር የሆነው የታክስ ክሊራንስ፣ ካውንቲ ከሚባለው የአካባቢ አስተዳደር የሚወጣው የንግድ ፈቃድ፣ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሆነም ከብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣን የሚገኘው የደረጃ ምዝገባ ይጠየቃሉ። ከእነዚህ መካከል ነጋዴውን ብዙ ጊዜ የሚጥለው የታክስ ክሊራንሱ ነው፤ ጨረታ በወጣ ማግሥት ሊያወጣ ሲሮጥ፣ ያልተዘጋ አንድ የቆየ የግብር ማስታወቂያ በመዝገቡ ላይ ተገኝቶ ያስቀረዋል። በጨረታ ወቅት ላይ ሳይሆን በጸጥታው ወራት የገቢዎቹን መዝገብ እየመረመረ ማጽዳት የሚያውቅ ሰው ከተወዳዳሪዎቹ ግማሹን ያለ ዋጋ ክርክር አልፏል ብንል ማጋነን አይሆንም።

የኬንያ መንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ሲሆን የሚያልቀውም ሰኔ 30 ቀን ነው። ሕጉ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዓመቱ ሳይገባ የግዥ ዕቅዱን እንዲያዘጋጅ፣ በጸደቀ በጀትም ውስጥ ገንዘቡ መኖሩን ሳያረጋግጥ ግዥ እንዳይጀምር ያዝዛል። ስለዚህ ሚኒስቴሮቹ፣ አርባ ሰባቱ ካውንቲዎች፣ የመንግሥት ኮርፖሬሽኖች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የሚቀጥለው ዓመት ፍላጎታቸውን የሚያስቡበት፣ በየዘርፉም አቅራቢዎች በመዝገብ እንዲገቡ ጥሪ የሚያደርጉበት ጊዜ ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። አዲስ ዘመን ጋዜጣን የጨረታ ገጹን ብቻ ፈልገው የሚገዙ ሰዎች በአገራችን እንዳሉ ሁሉ፣ በናይሮቢም የመንግሥት ማስታወቂያ የሚወጣበት ማይገቭ የሚባል ሳምንታዊ ኅትመት ማክሰኞ ማክሰኞ ከጋዜጣ ጋር ይታደላል፤ ከዚህም ሌላ የመንግሥት ጨረታ መረጃ የሚለጠፍበት የኢንተርኔት መዝገብ አለ። በአቅራቢዎች መዝገብ መግባት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ትንንሽ ግዥዎችን የሚፈጽመው በጋዜጣ ሳያውጅ፣ ከዚያ መዝገብ ከመረጣቸው ቢያንስ ሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ በመጠየቅ ነውና። በ2020ው ደንብ መሠረት በዚህ መንገድ የሚገዛው ዕቃ እስከ 3 ሚሊዮን ሺሊንግ ሊደርስ ይችላል። አዲስ ነጋዴ ስሙን የሚያስመሰክረው በታላቁ ግልጽ ጨረታ ሳይሆን በዚህ በትንሹ መንገድ መሆኑን ልብ ሊለው ይገባል። ውስን ጨረታ፣ ቀጥታ ግዥና የማዕቀፍ ስምምነት የሚባሉት ሌሎች መንገዶች ለየራሳቸው ሁኔታ የተወሰኑ ስለ ሆኑ እዚህ በዝርዝር አንገባባቸውም።

የጨረታ ሰነድን ስለ ማዘጋጀት ግን በስፋት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በዋጋ ሳይሆን በዚህ ይወድቃልና። ሕጉ ተጫራቹ ከሚያቀርበው ሰነድ እያንዳንዱን ገጽ በተከታታይ ቁጥር እንዲቈጥር ያዝዛል፤ የጨረታ ማስከበሪያም መሥሪያ ቤቱ ከገመተው ዋጋ ከመቶ 2 ሳይበልጥ በባንክ ወይም በኢንሹራንስ ዋስትና እንዲቀርብ ይጠየቃል፤ ማስከበሪያው የሚጸናበት ቀን ከተጠየቀው በአንድ ቀን ቢያጥር ዋጋው የቱንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን ሰነዱ የመጀመሪያውን ማጣሪያ አያልፍም። ብራና የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንዳትጎድልበት ቅጠሉን ደጋግሞ እንደሚያነብ ሁሉ ተጫራቹም ሰነዱን ከማሸጉ በፊት ከመመሪያው ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት አለበት። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው የዋጋው ድምር ነው፤ በአዋጁ አንቀጽ 82 መሠረት በመክፈቻው ዕለት የተነበበው የጨረታ ዋጋ የመጨረሻ ስለ ሆነ፣ በኋላ የሒሳብ ስሕተት ተገኘ ተብሎ አይታረምም። የዘጠኝ መቶ ሺህ ሺሊንጉን ዕቃ ዜሮ ረስቶ ዘጠና ሺህ ብሎ የጻፈ ነጋዴ ወይ በዚያው ዋጋ ያቀርባል ወይም ማስከበሪያው ይወረስበታል።

በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረታ መክፈቻ ላይ የተገኘ ሰው የሚያየው ሥርዓት ከሞላ ጐደል ይህ ነው። በእንግዳ መቀበያው አጠገብ የቆመው፣ አፉ ጠባብ የሆነው የብረት ሣጥን ልክ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ የደረሰ ፖስታ ሳይከፈት ለባለቤቱ ይመለሳል፤ በናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ተይዞ በአምስት ደቂቃ የዘገየ መልእክተኛ ይግባኝ የለውም። ሣጥኑ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ተወስዶ ከሦስት የማያንሱ አባላት ባሉት የመክፈቻ ኮሚቴ ፊት፣ መገኘት የፈለጉ ተጫራቾችም እየተመለከቱ ይከፈታል፤ የድርጅቱ ስም፣ ጠቅላላ ዋጋውና የማስከበሪያው ሁኔታ በድምፅ ይነበባል፤ የኮሚቴው አባላትም በየሰነዱ ላይ ይፈርማሉ። አንድ ገጽ ተቀይሮ ሌላ ቢገባ የሚታወቀው በዚህ ፊርማና በተከታታዩ ቁጥር ስለ ሆነ፣ ቁጥር መጻፍን እንደ ከንቱ ድካም የሚቈጥር ሰው የገዛ ጠባቂውን እያባረረ ነው። የተነበበውንም የሁሉንም ተወዳዳሪ ዋጋ በማስታወሻው የሚጽፍ ነጋዴ፣ ዛሬ ቢሸነፍ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት የሚጠቅመውን የገበያ ዕውቀት ያለ ክፍያ አግኝቶ ይወጣል።

የግምገማው ኮሚቴ፣ እርሱም ከመክፈቻው ኮሚቴ የተለየ፣ ሥራውን በ30 ቀን ውስጥ መጨረስ ይገባዋል። መጀመሪያ የሰነዱን ሙሉነት፣ ቀጥሎ የሙያ ብቃቱን፣ በመጨረሻም ዋጋውን ይመረምራል፤ ውሳኔው ሲሰጥ አሸናፊውም ተሸናፊዎቹም በአንድ ጊዜ በጽሑፍ እንዲያውቁ፣ ለተሸነፈውም የተሸነፈበት ምክንያት እንዲገለጽለት ሕጉ ያዝዛል። ውል የሚፈረመው ደግሞ ከዚህ ማስታወቂያ በኋላ 14 ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ እነዚያ ቀናት የተተዉት ተበደልሁ የሚል ሰው ወደ ግዥ ይግባኝ ሰሚው ቦርድ እንዲሄድ ነው። ቦርዱ በ21 ቀን ውስጥ ፍርዱን መስጠት አለበት፤ በዚያ ያልረካ በሌላ 14 ቀን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሊወጣ ይችላል። በሌላ ነገር የኬንያ ፍርድ ቤቶች ዓመታት ሲፈጁ በዚህ ግን ቀናት ተቈጥረው መሰጠታቸው የሚመሰገን ጥበብ ነው፤ ፍትሕ ውሉ ተፈርሞ፣ መንገዱ ተሠርቶ፣ ገንዘቡም ከተበላ በኋላ ቢመጣ ለተበደለው ምን ይጠቅመዋል? ስለዚህ ተሸናፊው የመጣለትን ደብዳቤ በንዴት ቀዶ ከመጣሉ በፊት ቀኑን ቈጥሮ፣ የተሰጠውን ምክንያት ከጨረታው መመሪያ ጋር አስተያይቶ ማንበብ አለበት።

አሁን ወደ ልባችን የቀረበው ጉዳይ ደረስን። በ2013 የኬንያ መንግሥት ቀድሞ ከመቶ 10 የነበረውን ድርሻ ከፍ አድርጎ፣ ከመንግሥት ግዥ ከመቶ 30 የሚሆነው ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች እንዲመደብ ወሰነ፤ መርሐ ግብሩም በእንግሊዝኛ ስሙ ምሕጻር አግፖ ተብሎ ይታወቃል። በዚህ ለመግባት ድርጅቱ በአባልነት ከመቶ 70፣ በአመራር ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእነዚህ ወገኖች የተያዘ መሆን አለበት፤ ወጣት የሚባለውም ዕድሜው ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆነው ነው። የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የአገሪቱ ግምጃ ቤት ሲሆን ያለ ክፍያ ነው። እነዚህ ድርጅቶች የባንክ ማስከበሪያ እንዲያስይዙ አይገደዱም፤ በምትኩ የተስፋ ቃላቸውን በአንድ ቅጽ ላይ ፈርመው ያቀርባሉ። ገንዘብ የሌለው ወጣት ገና ዕቃ ሳይሸጥ ለባንክ ዋስትና የሚሆን ጥሪት ከየት ያመጣል? ሕጉ ይህን አስቦ ማቃለሉ ርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ በእውነት ርትዕ ነው።

እንዲህ ያለው አሳብ በትክክል ሲፈጸም ምን እንደሚሠራ ለማየት፣ በ2020 ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ሳለ የኬንያ መንግሥት ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ መቀመጫዎች ሊያሠራ በተነሣ ጊዜ የወሰደውን መንገድ ማስታወስ ይበቃል። 1 ቢሊዮን 900 ሚሊዮን ሺሊንግ ገደማ የተመደበለትን ያን ሥራ ለጥቂት ታላላቅ ፋብሪካዎች በመስጠት ፈንታ፣ በየትምህርት ቤቱ አካባቢ ላሉ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች እንዲከፋፈል አደረገ። ጁአ ካሊ እየተባሉ የሚጠሩት፣ በሌላው ቀን በናይሮቢ በካሙኩንጂ ብረት ሲቀጠቅጡ፣ በንጎንግ መንገድ ዳርም አልጋና ቁም ሣጥን ሲያቆሙ የሚታዩት ባለ እጆች የዚህ ዐይነቱን ጥሪ የሚጠብቁ ናቸው። የመንግሥት ገንዘብ ወደ ሰፈር ሲወርድ የሚሰጠው በረከት በአንድ ሺሊንግ የሚገዛው ዕቃ ብቻ አይደለም።

ሆኖም በዚሁ መርሐ ግብር ውስጥ አንድ ክፉ ልማድ ተጠልሏል። ባለ ሀብት ወይም ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው የወንድሙን ልጅ ወይም የጸሐፊውን ስም ተጠቅሞ ድርጅት ያስመዘግባል፤ በወረቀቱ ላይ ያለችው ወጣት ጨረታውን ስታሸንፍ ገንዘቡ ወደ ሌላ ኪስ ይገባል፤ እርስዋም የምታገኘው ለፊርማዋ የተከፈለ ትንሽ ጉርሻ ነው። ይህ በእኛ አስተያየት ከተራ ሌብነት ይከፋል፤ ምክንያቱም ከመንግሥት ገንዘብ ጋር የወጣቲቱን ስምና ተስፋ አብሮ ይሰርቃል፤ በኋላም ዕቃው ቢጎድል ወይም ግብሩ ባይከፈል በሕግ የምትጠየቀው ባለ ስምዋ ናት፤ አዋጁም በሐሰት የተወዳደረ ድርጅት ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከመንግሥት ግዥ እንዲታገድ ስለሚፈቅድ የእርስዋ መንገድ ሳይጀመር ይዘጋል። ስማችሁን አታከራዩ ብለን ወጣቶችን የምንለምናቸው ይህን ልብ እንዲሉት ነው።

በናይሮቢ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ነጋዴ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ስፍራ ምንድን ነው ቢባል፣ አግፖ ለኬንያ ዜጎች የተለየ ስለ ሆነ ለእርሱ አይደለም፤ ከዚያም በላይ ሕጉ በመንግሥት ገንዘብ የሚፈጸሙ፣ ዋጋቸው ከተወሰነ ልክ የማይበልጥ ግዥዎችን ለአገሪቱ ዜጎች ይከልላል። የአገር ውስጥ ድርጅት ተብሎ ለመቈጠር በኬንያ መመዝገብ ብቻ አይበቃም፤ አብላጫው ድርሻ በዜጎች እጅ መሆን አለበት። ስለዚህ አንዱ መንገድ ከኬንያዊ ባልንጀራ ጋር በእውነተኛ፣ በተጻፈና በተከፈለ አክሲዮን መሻረክ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጨረታ ላሸነፈው ኬንያዊ ዕቃውን ከኋላ ሆኖ ማቅረብ ነው፤ የኢስትሊ አስመጪ በዚህ ሁለተኛው መንገድ ስሙ ሳይጠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጋረጃና ምንጣፍ ሊያቀርብ ይችላል። ሦስተኛም አለ፤ በጊጊሪ የተቀመጠው የተባበሩት መንግሥታት የናይሮቢ ጽሕፈት ቤት የራሱ የግዥ ሥርዓትና የአቅራቢዎች መዝገብ ያለው ስለ ሆነ ዜግነት በዚህ መልክ አይጠየቅበትም።

ስለ ሙስና ዝም ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ታማኝ አለመሆን ነው። በ2004 በአደባባይ የወጣው አንግሎ ሊሲንግ የተባለው ነገር፣ መንግሥት ለፓስፖርት መሣሪያና ለሌሎችም የጸጥታ አገልግሎቶች በውል ለታሰሩ ግን በውኑ ላልነበሩ ድርጅቶች ገንዘብ የሰጠበት ሆኖ ተገኘ፤ የዚያን ጊዜው የመልካም አስተዳደርና የሥነ ምግባር ቋሚ ጸሐፊ ጆን ጊቶንጎ ነገሩን ሲመረምር ሕይወቱ ስላሰጋው በ2005 ወደ ስደት ሄደ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት 791 ሚሊዮን ሺሊንግ የጠፋበት ቅሌት ተከተለ። በ2020 ደግሞ የኬንያ የሕክምና አቅርቦት ባለሥልጣን የወረርሽኙን ጭንብልና መከላከያ ልብስ ሲገዛ የፈጸመውን 7 ቢሊዮን 800 ሚሊዮን ሺሊንግ ገደማ የሆነ ግዥ ዋናዋ ኦዲተር ናንሲ ጋቱንጉ በልዩ ምርመራ አጣርታ፣ ሕጉን ያልተከተለ ሆኖ እንዳገኘችው ጻፈች። በዚህ በመጨረሻው ላይ ነጋዴዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ፤ በጀት ሳይኖር፣ ጨረታ ሳይወጣ፣ በሹም ደብዳቤ ብቻ ዕቃ ያቀረቡ ሰዎች ሸቀጡ በመጋዘን ተከማችቶ ገንዘባቸውን ለማግኘት ለረጅም ጊዜ ተንከራትተዋል። ሕግን ዘሎ የተገኘ ውል ሕግ የማይጠብቀው ውል ነው።

ሕጉ ራሱ የሚያልፋቸው ግዥዎችም አሉ። የሞምባሳ ናይሮቢ የባቡር መስመር ከቻይና በተገኘ ብድር ሲሠራ ጨረታ ስላልወጣበት፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2020 ግዥው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2023 በመንግሥታት መካከል የተደረገ ስምምነት ከአዋጁ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ተቀብሎ ያን ፍርድ ሻረው። ታላላቁ ገንዘብ በዚህ በር ሲያልፍ፣ ትንሹ ነጋዴ ግን ገጹን ቁጥር ስላልጻፈበት መውደቁ ብዙ ኬንያውያንን ያስቈጣል፤ ቁጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ነጋዴው ጨረታውን አሸነፈ፣ ውሉም ተፈረመ እንበል። ነጋዴዎቹ በየቀኑ የሚያነሡት ስም ኤልፒኦ የሚባለው የግዥ ትእዛዝ ነው፤ ከመንግሥቱ የሒሳብ ኮምፒዩተር፣ ከኢፍሚስ ወጥቶ የበጀት መስመሩን የያዘ ኤልፒኦ በእጁ ሳይገባ፣ ኃላፊው በስልክ ቶሎ አምጣ ስላለው ብቻ ዕቃ የጫነ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚከተለውን ሁሉ በገዛ እጁ አመጣው። ዕቃው ሲደርስ የርክክብ ሰነዱ በማኅተም ይጸድቃል፤ የመሥሪያ ቤቱ የምርመራና የመቀበያ ኮሚቴ ዐይነቱንና ብዛቱን መርምሮ ይፈርማል፤ በእኛ አገር ሞዴል 19 እንደሚቈረጠው ያለ የገቢ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ከዚያም በገቢዎች ባለሥልጣን የኢቲምስ ሥርዓት የተቈረጠ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ይቀርባል። ከክፍያው ላይ ለተጨማሪ እሴት ታክስ ከሽያጩ ዋጋ ከመቶ 2፣ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮም ለመንግሥት በሚቀርብ ዕቃ ላይ ከመቶ ግማሽ በቅድሚያ ይቀነሳል፤ ይህ በኋላ ከግብር ጋር የሚታሰብ ቢሆንም ለጊዜው ከእጅ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው መጠበቅ ነው፤ ይህ ጽሑፍም ከሁሉ አብልጦ ሊናገር የተነሣው ስለዚህ ነው። የኬንያ መንግሥት ለአቅራቢዎችና ለተቋራጮች ሳይከፍል ያከማቸው ዕዳ፣ በአገሬው አነጋገር ፔንዲንግ ቢልስ የሚባለው፣ በብሔራዊው መንግሥት ብቻ በ2025 ከ500 ቢሊዮን ሺሊንግ በላይ ደርሶ ነበር። በ2023 የቀድሞው ዋና ኦዲተር ኤድዋርድ ኡኮ የሚመሩት ኮሚቴ ከ2005 እስከ ሰኔ 2022 የተከማቸውን የዕዳ ጥያቄ እንዲያጣራ ተቋቋመ፤ ከቀረበለትም ውስጥ ብዙውን በሰነድ ጉድለት ምክንያት ሳይቀበለው ቀርቷል። ከ2005 ጀምሮ ማለት የዕዳ ባለመብት የሆነ ነጋዴ ልጁን ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ እስኪጨርስ መንግሥት ያልከፈለው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ኤልፒኦውን፣ የማኅተሙን ወረቀትና የደረሰኙን ቅጂ ለራሱ በአንድ አቃፊ ሰብስቦ ያላስቀመጠ ሰው ከዐሥር ዓመት በኋላ በዚያ ኮሚቴ ፊት ምን ይዞ ይቀርባል?

ለምሳሌ አንዲት እናት የአንድ ሚሊዮን ሺሊንግ ወንበር ለማቅረብ ገንዘቡን ከባንክ በወር ከመቶ አንድ ተኩል ወለድ ተበድራ፣ ትርፏም ከመቶ 10፣ ማለት አንድ መቶ ሺህ ሺሊንግ ነው ብለን እናስላ። በወር 15 ሺህ ሺሊንግ ወለድ ስትከፍል፣ መንግሥት ክፍያውን በሰባት ወር ቢያዘገይ ትርፏ ሁሉ አልቆ ከኪሷ መክፈል ትጀምራለች፤ በዓመቱ 80 ሺህ ሺሊንግ ከስራለች። ለጨረታ ያስገባችው ዋጋ ዝቅተኛ ስለ ነበረ አሸነፈች፤ ዝቅተኛ ስለ ነበረም ከሰረች። እዚህ ላይ ለጀማሪው የምንሰጠው ምክር፣ ዋጋ ሲሰላ የስድስት ወር መዘግየትን እንደ አንድ የወጪ ዐይነት ጽፎ መደመር፣ ያን ሲደምር ዋጋው ከገበያው ብዙ የሚበልጥ ከሆነም ያን ጨረታ መተው፣ ከንብረቱም ከአንድ ሦስተኛ በላይ በአንድ መሥሪያ ቤት እጅ እንዳይውል መጠንቀቅ ነው። ኤልፒኦን እንደ ዋስትና ተቀብለው የሚያበድሩ ባንኮች፣ እንዲሁም የወጣቶች የሥራ ማስፋፊያ ፈንድን የመሰሉ የመንግሥት ፈንዶች አሉ፤ የብድሩ ወለድ ግን የመንግሥቱን መዘግየት አይጠብቅም።

አዋጁ በውሉ ሌላ ካልተባለ ለዘገየ ክፍያ ወለድ እንዲታሰብ ይደነግጋል፤ ነጋዴዎች ግን ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ እንዳይከለከሉ ስለሚፈሩ ይህን መብታቸውን አይጠይቁም፤ ፍርሃታቸውም የሚገባ ነው። መንግሥት በገበያው ውስጥ ታላቁ ገዢ ሆኖ ሳለ ዕዳውን እንደ ተራ ቸልተኛ ሲያዘገይ፣ የሚጎዳው ያንን አቅራቢ ብቻ ሳይሆን ወንበሩን የጠረበውን አናጢ፣ እንጨቱን የሸጠውንና ደመወዝ የሚጠብቀውን ሠራተኛ ጭምር ስለ ሆነ፣ ከመቶ 30 ለወጣቶችና ለሴቶች መድበናል ብሎ መናገር ሳይከፈል በሚቀርበት ቀን ባዶ ድምፅ ይሆናል።

በ2025 የኬንያ ግምጃ ቤት ግዥው ሁሉ ከዕቅዱ እስከ ክፍያው በአንድ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እንዲያልፍ ኢጂፒ የሚባለውን አዲስ መንገድ አወጣ፤ ካውንቲዎችና ሌሎችም ስለተቃወሙት ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል። በአዲስ አበባም ተመሳሳይ ሥርዓት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በሥራ ላይ ስለ ሆነ የሁለቱ አገሮች ነጋዴዎች ዛሬ የሚማሩት አንድ ዐይነት ትምህርት ነው። ኮምፒዩተሩ የሣጥኑን አፍ በደቂቃው ይዘጋል፣ የተጫራቹን ዋጋ ሳያዛባ ያነባል፣ በጀት የሌለውን ትእዛዝም ሊያግድ ይችላል፤ እኛ ግን ይልቁን የምንጠብቀው ግምጃ ቤቱ ራሱ ደጋግሞ ያወጣውን መመሪያ፣ ይኸውም ካለፈው ዓመት የተላለፈ የአቅራቢ ዕዳ በሚቀጥለው በጀት ላይ ከማናቸውም አዲስ ወጪ በፊት ይከፈል የሚለውን፣ በየሐምሌ 1 ቀን በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ተፈጽሞ ማየት ነው።